በሌላ ሰው ጠረጴዛ የታየው ቀይ ክፈፍ

ሚዛኑ፣ አይምሬና ዝምታ ዛሬ በሕይወት የሉም። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው በዚያ ማተሚያ ቤት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ሥርዓታቸውን የማያውቅ ግን አልነበረም። ሚዛኑ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ በቃልና በቃል መካከል ያለውን ክፍተት በጥፍራቸው እየዳሰሱ የሚያስተካክሉ። አይምሬ አራሚ ነበሩ፤ የገዛ ወንድማቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ ስለ አንዲት ነጥብ ደጋግመው የመለሱ። ዝምታ የማተሚያው መሐንዲስ ነበሩ፤ ማሽኑ ሲያጉረመርም ምን እንዳለ ከእርሳቸው በቀር የሚረዳው አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች አንድ ሕግ ተከሉ። ማንም ሰው ሥራውን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ «አለቀ» አይልም። ገጹ ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ በሌላ ሰው መስኮት ብርሃን፣ በሌላ ሰው መነጽር ይታያል። ሠሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአንባቢው ወንበር ጀርባ ይቆማል። ንባቡ እስኪያበቃ ድረስ እርሱም ሆነ በዙሪያው ያለ ሰው ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ አንባቢው «የማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠሪውም «የእኔ ነው» ይላል፤ ምክንያት አይደረድርም። ይህንን ሥርዓት በአጭሩ «መቆም» ይሉት ነበር።

የአሁኑ ትውልድ ግን መቀመጥ የሚወድ ትውልድ ነው። የምንተርከው ፍቅርም ሊሰበር የደረሰው ከዚሁ የተነሣ ነው።

የማተሚያ ቤቱ አለቃ የመሥራቹ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ትልቁ መዝገበ ቃላት በወረቀት ከታተመ ዘመን አልፎታል፤ አሁን ትምህርት ቤቶች በኮምፒዩተርና በስልክ የሚከፈት ፒዲኤፍ ይፈልጋሉ። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ አንዱ ቃል ወደ ሌላው ይመራል፤ «ጥራዝ» የሚለውን ያነበበ ሰው «ስፌትን ተመልከት» ይባላል። ድሮ አንባቢው ገጽ ሲያገላብጥ ይውል ነበር። በፒዲኤፉ ግን ቃሉን መንካት ይበቃዋል፤ ሊንኩ ብድግ አድርጎ ወደ ተባለበት ይወስደዋል። ይህን ሁሉ ሊንክ ቃል በቃል የዘረጋው ወጣቱ ገጽ አቀናባሪ ነበር። እጁ ከዓይን ስለሚቀድም ሠራተኛው «ፈጣኑ» ይለው ነበር።

አራሚዋ የአለቃው ብቸኛ ልጅ ናት። የእሷ ጠረጴዛና የፈጣኑ ጠረጴዛ በአንድ የመስተዋት ግድግዳ ይለያያሉ። ፍቅራቸውም የተጀመረው በዚያ መስተዋት ነው፤ እሷ ከገጽ ቀና ስትል እሱ ከስክሪን ቀና ሲል ዓይኖቻቸው እየተጋጩ፣ እየተሸሹ፣ ኋላም መሸሽ እየሰለቻቸው። የፈጣኑ አባት በዚሁ ቤት ወረቀት ተሸካሚ ነበሩ። ይህን አለቃው አልረሱም፤ ፈጣኑም አልረሳም። ልጃቸው ፍቅሯን በነገረቻቸው ቀን አለቃው ወጣቱን አስጠርተው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩት፤

«የአባቴ መጽሐፍ እንደ ቤቱ ሥርዓት ቆመህበት ካለፈ፣ ያን ጊዜ ስለ ልጄ ልትጠይቀኝ ትችላለህ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ወጣቱ ደረቱን ነፍቶ ይራመድ ነበር። እሷ ግን በኩራቱ ውስጥ የተደበቀ አንድ ነገር እያየች ትሰጋ ነበር።

*

ፋይሉ ባለቀበት ጠዋት አራሚዋ በራሷ ኮምፒዩተር ከፈተችው። መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች። እያንዳንዱ ሊንክ በቀጭን ቀይ ክፈፍ ተከቧል። «ስፌት» በክፈፍ፣ «ብራና» በክፈፍ፣ «ክታብ» በክፈፍ፤ ገጹ የተቆጣ መምህር የተመላለሰበት የፈተና ወረቀት መሰለ። ጉዳዩን እንደ ቀላል ቆጥራው ፈገግ ብላ ወደ መስተዋቱ ማዶ ተሻገረች።

«ና እስቲ እኔ ጋ፤ ለቃላትህ አጥር አጥረህላቸዋል።»

«የምን አጥር?»

«በየሊንኩ ዙሪያ ቀይ ክፈፍ አለ።»

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። «የታለ?»

አጎንብሳ አየች። ገጹ ንጹሕ ነበር። ፈጣኑ ፋይሎቹን የሚከፍተው ኢንተርኔት በሚያስስበት ፕሮግራም ነው፤ እሷ ደግሞ ለፒዲኤፍ ብቻ በተሠራው። የእሱ ፕሮግራም የሊንክን ክፈፍ አይስልም፤ የእሷ ይስላል። ይህን በዚያች ሰዓት ከሁለቱ አንዳቸውም አላወቁም።

«እዚህ የለም። እኔ ጋ ግን አለ» አለች።

«ፋይል እኮ እርጥብ ቀለም አይደለም፣ እመቤቲቱ። በማንም ጠረጴዛ ያው ነው።» ወዲያው ገጹን በወረቀት አተመና ዘረጋላት። በወረቀቱም ላይ ክፈፍ አልነበረም። «ይኸው! መነጽርሽን ጥረጊው።»

«ተነሥተህ ብታየው ምን ይጎድልብሃል?»

«ሥራ አለብኝ።»

ትታው ሄደች። የራሷን ስክሪን በፎቶ አንሥታ ላከችለት። ምስሉን ሲከፍት በመስተዋቱ በኩል ታየው ነበር። ይነሣል ብላ ጠበቀች። ተነሣም፤ ነገር ግን የመጣው ፊቱ ጠቁሮ ነው።

«በፎቶ ላይ ክፈፍ መሳል ለማን ያቅታል?»

አራሚዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ ሣልኩት ነው የምትለኝ?»

«አባትሽ ሰበብ ሲፈልጉ ከርመዋል። ሰበብ የምታቀብል ልጅ አላጡም።»

«እስቲ ድገመው።»

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ድገመው ያልኩህ አንተም እንድትሰማው ነው።»

አልደገመውም። ሆኖም ቃሉን አልሳበውም። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ድንገት ሥራ የበዛባቸው መስለው አቀረቀሩ። እሷም ያ የምትወደው መስተዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ግድግዳ ታያት፤ በዚያ በኩል የተቀመጠው ሰው ፊቱ ቀርቦ ልቡ የራቀ ሆነባት፤ እንባዋም ከቁጣዋ ጋር እየተናነቀ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

*

ከቀትር በኋላ አለቃው ፋይሉን በቢሯቸው ከፍተው ነበር። ቀዩ ክፈፍ በእርሳቸውም ስክሪን ላይ ነበረ። ደስታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

«ይህን አየሽው?» አሉ ልጃቸውን አስጠርተው። «የአባቴን ቃላት አንድ በአንድ አስሮ አስረከበኝ።»

የጥራዝ ክፍል ኃላፊዋ እህታቸው በማዕዘን ተቀምጠው የመጽሐፍ ጀርባ ይሰፉ ነበር። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ያስተካክለዋላ፤ ምን ያስጮህሃል?» አሉ።

«ሥራውን አውቀዋለሁ፣ አባባ» አለች አራሚዋ። «ወደ ፒዲኤፍ በሚለወጥበት ጊዜ የክፈፉ ውፍረት ዜሮ ይደረጋል። ሊንኩ አይነካም፤ መስመሩ ብቻ ይጠፋል።»

«ታዲያ አድርጊዋ! ዛሬውኑ። ስሙንም ከመጀመሪያው ገጽ አውጪው።»

«አላደርገውም።»

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልሽ?»

«ሰው ሥራውን ሳያይ ከጀርባው አስተካክሎ ስሙን መፋቅ የማን ሥርዓት ነው? የአያቴ ነው? የአይምሬ ነው?»

«ለዚያ ባለጌ ጥብቅና መቆምሽ ነው?»

«ውሸታም ብሎኛል። ጥብቅና አልቆምለትም። መጥቶ በዓይኑ ይይ ነው የምለው።»

«የተሸካሚ ልጅ ቆሞ አያውቅም፤ አጎንብሶ ነው የሚያውቀው።»

«አንተ ራስህ ከቆምክ ስንት ዘመን ሆነህ፣ ወንድሜ?» አሉ አክስቲቱ መርፌያቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው። «የምትጽፈውን መቅድም ማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያስነበብከው? ወገብህ ነው እምቢ ያለህ ወይስ አፍንጫህ?»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ!»

«እየሰፋሁ ነው። ስፌቱን የምትሰፋው እጄ ናት፤ አፌ ሥራ ፈት ነው።»

አለቃው ከደረት ኪሳቸው ወፍራም ቀይ እርሳሳቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ነገ ረፋድ ላይ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ይህ መጽሐፍ ይነበባል። መጥቶ ካልቆመ፣ ስሙን በዚህ እርሳስ እሰርዛለሁ። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ በቤቴ ውስጥ በስሙም በቅጽሉም አይነሣም። ተግባባን?»

«ተግባባን» አለች። «ስህተቱን በዓይኑ ማየት የሚፈራ ሰው ባሌ እንዲሆን እኔም አልፈልግም። ይህን ለእርስዎ ብዬ አልተናገርኩም። እርሱም ይሰማዋል።»

አክስቲቱ መርፌያቸውን ይዘው ቀሩ። የወንድማቸውን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያውቋታል፤ እንዲህ ዓይነት ብርድ ግን በድምፅዋ ውስጥ ሰምተው አያውቁም፤ ልባቸውም ስለ እሷ ፈራ።

*

ከሥራ ሲወጡ በድንጋዩ ደረጃ ላይ አገኘችው። ደረጃው ከወረቀት መጋዘኑ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ መሐሉ በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል።

«ነገ ረፋድ» አለችው። «ጠረጴዛዬ ጋ ትመጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ታያለህ። አለዚያ ይበቃናል።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምቆመው?» አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሳያት። «እንዲህ?»

«እንደዚያ።»

«አባቴ በዚህ ደረጃ ወጥተው አያውቁም። ጫማቸው አቧራ ነው ተብሎ። ከታች፣ እዚያች ጋ» የመጨረሻዋን ደረጃ በጣቱ አመለከተ፤ «እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የአባትሽን ትእዛዝ ሲጠብቁ ነው ያደግኩት። ስጠራቸው እንኳ ዞር አይሉም ነበር፤ እንዳይታዩ ፈርተው። አንቺ ይህን ሥርዓት ትይዋለሽ። እኔ ሌላ ስም አለኝ ለዚህ።»

አራሚዋ ይህን አታውቅም ነበር። እጇን ወደ ክንዱ ልትሰድ ፈለገች፤ ግን የጠዋቱ ቃል እጇን ያዘባት።

«በአባትህ ላይ የተደረገው በደል ነው። አባቴ ናቸው የበደሉት፤ ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠይቃቸው ብትለኝ እጠይቃቸዋለሁ። እኔን ግን ሥዕል ሠርተሽ ዋሸሽ ብለኸኛል። እኔ ያንን ደረጃ አልሠራሁትም። ቁስልህን አምጥተህ ከስህተትህ ፊት አታቁመው።»

«ስህተት የለብኝም።»

«ያየኸው በአንድ ጠረጴዛ ነው። በራስህ።»

«እምነት ማለት ይሄ ነው? ቃሌ አይበቃሽም?»

«የእኔስ ቃል በቃህ?»

ደረጃውን ወረደች። ጫማዋ ድንጋዩን ሲመታ እስኪርቅ ቆሞ ሰማ። ብዙ የሚመልሰው ነገር ነበረው፤ ሁሉም መልሶች ግን ለአባቷ የሚገቡ ነበሩ እንጂ ለእሷ አልነበሩም። ያንን ሲያውቅ በቁጣው መካከል አንዲት ቀዳዳ ተከፈተች፤ በቀዳዳዋም ኀፍረት ገባ።

*

በማግስቱ ማለዳ ፈጣኑ ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ መጋዘኑ ወረደ። ወደዚያ የወሰደው ትሕትና አልነበረም፤ እልኽ ነው። በመጋዘኑ የወረቀት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ከአለቃውም ከልጃቸውም እጅ የራቀ ነው። እዚያ ከፍቶ ንጹሑን ገጽ ሊያሳይ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊያዋርድ ነበር ያሰበው።

«ይህቺን ማሽን ለትንሽ ጊዜ ልጠቀምባት» አለ መጋዘን ጠባቂውን።

«የላይኞቹ ማሽን ምን ሆነ? አለቀሰ?» ጠባቂው የመጋዘኑን በር እየከፈተ ነበር። «ቶሎ በል፤ የወረቀት መኪና ደርሷል። እዚህ ከተገተርክ ከክምሩ ጋር ቆጥሬ ነው የማስገባህ።»

ፍላሹን ሰካ። ፋይሉ በዝግታ ተከፈተ።

ቀይ ነበር። «ስፌት» በክፈፍ፣ «ብራና» በክፈፍ፣ «ክታብ» በክፈፍ። ገጹን ገለበጠ፤ እንዲሁ። ሌላውንም ገለበጠ፤ እንዲሁ። በፎቶው ላይ ያየው፣ የተሳለ ነው ያለው፣ መስመር በመስመር ከፊቱ ተደቅኗል። ጆሮው ጋለ። «ለማን ያቅታል» ያላት ቃል በራሱ ድምፅ ተመልሶ መጣበት።

የመጀመሪያ ሐሳቡ መሸፈን ነበር። ላፕቶፑን ከፍቶ የክፈፉን ቀለም ነጭ አደረገና ፋይሉን እንደገና ለወጠው። በአሮጌው ኮምፒዩተር ሲከፍተው በነጩ ገጽ ላይ መስመሩ ጠፋ። እፎይ ሊል ሲል ዓይኑ ግራጫ ቀለም በተቀቡት ሠንጠረዦች ላይ ወደቀ፤ እዚያ ነጩ ክፈፍ ከቀዩ ይልቅ አፍጥጦ ይታይ ነበር። በራሱ ጠረጴዛ ቢሆን ይህንንም አያየውም ነበር።

ወረቀት ተሸካሚዎቹ ጥቅሉን በትከሻቸው ይዘው ገቡ። አንዱ አዛውንት ሸክሙን አውርዶ ላቡን ጠረገና፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የተደረደረውን ክምር ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። አንዱ ጥቅል ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር። ጠጋ ብሎ አቃናው፤ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እንደገና እጆቹን አጣምሮ ተመለከተ። ማንም አላዘዘውም። ማንንም እየፈራ አልነበረም።

ፈጣኑ አባቱን አስታወሰ። በደረጃው ግርጌ ቆመው የሚጠብቁትን ብቻ አልነበረም ያስታወሰው፤ ከዚያ በፊት፣ በዚሁ መጋዘን ውስጥ፣ የደረደሩትን ክምር በዚሁ አቋቋም ቆመው የሚመረምሩትንም ነበር። ያንን አቋቋም ከአባቱ የቀማው የአለቃው ትዕቢት ነው። አባቱ ግን አስቀድመው የራሳቸው አድርገውት ነበር። ይህን ረስቶት ነበር የኖረው።

የክፈፉን ውፍረት ዜሮ አደረገ። ፋይሉን ለወጠው፤ በአሮጌው ኮምፒዩተር ከፈተው። ነጩ ገጽ ንጹሕ፣ ግራጫውም ንጹሕ። አንዱን ቃል ነካ፤ ሊንኩ ያለ አጥር ብድግ አድርጎ ወሰደው።

«አንተ ልጅ፣ ጨረስክ?» ጮኸ ጠባቂው።

«ገና ነኝ» አለና ደረጃውን እየሮጠ ወጣ።

*

ረፋድ ላይ ሠራተኛው በአራሚዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ ነበር። አለቃው የታተመውን የመጀመሪያ ገጽ በአንድ እጃቸው፣ ቀዩን እርሳስ በሌላው ይዘዋል። አራሚዋ የመስተዋቱን ማዶ አላየችም። ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሌሊቱን ሙሉ የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

«ይኸው» አሉ አለቃው። «ለመቆም እግር ያስፈልጋል።»

«እግር አላጣሁም» አለ ፈጣኑ ከበሩ። በትንፋሽ እጥረት ድምፁ ተቆራርጧል። ላቡ በግንባሩ ላይ፣ የመጋዘኑ አቧራ በጫማው ላይ ነበር። በዚያው ጫማ ወለሉን አቋርጦ ፍላሹን በጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

አለቃው ጫማውን አዩ። «እንዲህ ሆነህ ነው የምትገባው?»

«ወንድሜ፣ መጥረጊያው እኔ ጋ አለ፤ ዝም በል» አሉ አክስቲቱ።

ፈጣኑ ከአራሚዋ ወንበር ጀርባ ሄዶ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። አንገቱን ግን አልደፋም።

አራሚዋ ፋይሉን ከፈተች። ጣቷ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዘገየ። ቀይ የለም። ገለበጠች። ግራጫው ሠንጠረዥ መጣ፤ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ መረመረችው፤ እዚያም የለም። «ጥራዝ» የሚለው ጋ ደርሳ «ስፌት»ን ነካች፤ ወደ «ስፌት» ወሰዳት። ከጀርባዋ ትንፋሹን ትሰማለች። ልትዞር ፈለገች፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ኩራቷም አይፈቅድም።

«ዘግይቷል» አሉ አለቃው። «ትናንት የቀረበው ሥራ ነው ሥራው። ስሙን እሰርዘዋለሁ።»

«ሲነበብ ዝም ይባላል፣ አባባ።»

ለአለቃው እንዲህ ያለ ቃል በሰው ፊት ነግሯቸው የሚያውቅ አልነበረም። ሕጉ የአባታቸው ቤት ሕግ ነበር፤ ሚዛኑም አይምሬም ከመቃብር ሆነው አፋቸውን የያዙባቸው ያህል ዝም አሉ። እርሳሱ በጣታቸው መካከል ዘነበለ። ሠራተኛው መሬት መሬት ያይ ነበር።

አነበበች። ስትፈልግ ቸኮለች፣ ስትፈልግ ዘገየች፤ ሊያስቀጣው የሚችለውን ቦታ ሁሉ ፈለገች፤ ምሕረት አላደረገችለትም። በእያንዳንዱ ገጽ ቁጣዋ አብሯት ነበር። የትናንትናው ስድብ በንጹሕ ገጽ አይታጠብም፤ ይህን ታውቃለች። የመጨረሻውን ገጽ ዘግታ እጆቿን በጭኗ ላይ አኖረች።

«የማን እጅ ነው?» አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

ሥርዓቱ የሚፈቅደው ሁለት ቃል ነው። ያንን ብሎ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም፤ ስሙም ይተርፋል፤ አለቃውንም ለመጠየቅ መብት ያገኛል። እሷ ግን ይህ እንደማይበቃት፣ ሁለት ቃል ብቻ ቢላት ለዘላለም እንደምታዝንበት ያን ጊዜ አወቀች።

«የእኔ ነው» አለ።

አለቃው እርሳሱን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«የትናንቱም የእኔ ነበር» አለ ፈጣኑ። አሁን ድምፁ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። «ክፈፉ ነበረ። በየቃሉ ዙሪያ፣ ልክ እንዳልሽው ነበረ። በራሴ ጠረጴዛ ብቻ አይቼ፣ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አልኩሽ። ያየሽው እውነት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ አራሚዋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።